የታጠፈ ብዕርና የተቀደደ ገጽ

ሰው ከሠራው በጎ ሥራ ይልቅ የሳተውን አጥብቆ ያስታውሳል፤ የሳተውንም ሌላ ሰው እንዳያይበት አጥብቆ ይሰውራል። ይህ ጠባይ በሁላችን ዘንድ ያለ ስለ ሆነ እንደ ነውር አንቈጥረውም፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው እንላለን። ነገር ግን ስሕተትን መሰወር ሁልጊዜ ጨዋነት ነውን? ወይስ አንዳንድ ጊዜ ባልንጀራን መበደል ይሆናል? ይህን ጥያቄ ወደ ልቤ ያመጣው ታላቅ መጽሐፍ ወይም የሊቃውንት ክርክር አይደለም፤ ጫፉ የታጠፈ አንድ ትንሽ ብዕር ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ አስቀድሜ ስለ ብዕሩ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ በእርሱ ምክንያት ስለ ተገለጠልኝ በደሌ እናገራለሁ።

ብዕሩ የተሠራው በጃፓን አገር ነው። ያሠራውም በ1911 ዓ.ም. (ይህም፥ ከዚህም በታች የሚመጡት ዓመታት ሁሉ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሂሮሺማ አውራጃ የተቋቋመው ሴይለር የሚባለው የብዕር ኩባንያ ነው። ጃፓኖች ቀለም የሚሞላበትን ብዕር «ማንኔንሂትሱ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የዐሥር ሺሕ ዓመት ብሩሽ» ማለት ነው። አባቶቻቸው ይጽፉ የነበረው በጠጕር ብሩሽ ነውና፥ ከውጭ አገር የመጣላቸውን የብረት ብዕር በለመዱት ዕቃ ስም ጠሩት። ብረቱም እንደ ብሩሽ ቀጭንና ወፍራም መስመር እንዲያወጣላቸው ጫፉን ወደ ላይ አጥፈው የሠሩትን ዐይነት «ፉዴ» ማለት ብሩሽ ብለው ሰየሙት። ሴይለር የሚሠራቸው ሁለት ዐይነት ናቸው፤ አንዱ የ40፥ ሁለተኛውም የ55 ዲግሪ ማዕዘን ይባላል። በቻይናም ይህን የመሰለ የታጠፈ ብዕር ለጽሕፈትና ለሥዕል ይሠራል።

ይህን ዐይነት አይቶ ለማያውቅ ሰው ብዕሩ የተበላሸ ይመስለዋል። አንድ ዘመዴ ከዚያ አገር ባመጣልኝ ጊዜ፥ ከእኔ ዘንድ እየመጣ ሥዕል ይማር የነበረው የጎረቤቴ ልጅ ትክ ብሎ አየውና «ጋሼ፥ ከእጅዎ ወድቆ ነው የታጠፈው?» አለኝ። መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ መሬት የመታው የብዕር ጫፍ ይታጠፋልና። ነገር ግን በመውደቅ የታጠፈ ብዕር የስንጥቁ ሁለት ወገኖች ይለያዩበታል፤ ቀለሙ ይቋረጣል፤ ወረቀቱንም ይቧጭራል። በሐሳብ የታጠፈው ግን ሁለቱ ወገኖች ተካክለው ስለሚታጠፉ፥ የታጠፈበትም ስፍራ ስለ ለሰለሰ፥ በወረቀቱ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ጫፉ ወደ ላይ ያለውን ነገር በቋንቋችን «ቀና ብሏል» እንላለን፤ በጎውንም ሰው «ቀና ሰው» እንላለን። ስለዚህ የታጠፈ ሁሉ ጠማማ አይደለም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ብዕሩን ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት ጫፉ ብቻ ወረቀቱን ይነካል፤ መስመሩም ቀጭን ይሆናል። ዝቅ ባደረጉት መጠን የታጠፈው ወገን በወረቀቱ ላይ እየተኛ ይሄዳል፤ መስመሩም እየወፈረ ይመጣል። ገልብጠው በጀርባው ቢሥሉበት ደግሞ እንደ ጠጕር የቀጠነ መስመር ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ጕልበት አያስፈልግም፤ እጅን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በአንድ ብዕር የቤቱን ክዳን ጥላ በወፍራሙ፥ የመስኮቱን ፍርግርግ በቀጭኑ መሣል ይቻላል። የአገራችንም ቁም ጸሐፊ መቃውን በካራ ሲቀርጽ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በብራና ላይ የፊደሉ ቁመት ወፍሮ አግድሙ ቀጥኖ የሚታየው በብዕሩ አቈራረጥ ነውና። እንዲሁም ቫን ጎግ የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ በ1888 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በአርል ሳለ፥ በዚያ የበቀለውን ሸምበቆ ቈርጦ ብዙ ሥዕል ሥሎበታል።

ነገር ግን ይህ ብዕር እርሳስ አይደለም። እርሳስ ቢሳሳት ላጲስ አለለት፤ የብዕር ቀለም ግን ወረቀቱ አንድ ጊዜ ከጠጣው አይመለስም። በውኃ የሚሟሟው ቀለም በርጥብ ብሩሽ ቢነኩት ይፈስሳል እንጂ አይጠፋም፤ ከጥቀርሻ የተሠራው ጥቍር ቀለም ደግሞ ከደረቀ በኋላ ውኃም አያናውጠውም። በዚህ ላይ አዲስ ሰው የእጁን ከፍታ እስኪለምድ ድረስ ቀጭን አወጣለሁ ሲል ወፍራም፥ ወፍራም አወጣለሁ ሲል ቀጭን ይወጣበታል። እኔም እንዲሁ ሆንሁ። በቅሎ ልሥል ጀምሬ እግሯ እንደ ምሰሶ ወፈረ፤ የሽማግሌ ፊት ልሥል ጀምሬ አፍንጫው በቀለም ጨቀየ።

በደሌ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የተበላሸውን ገጽ ሁሉ ማታ ማታ ከደብተሬ እየቀደድሁ በእሳት አቃጥል ነበር። ያ ወጣት በነጋታው ሲመጣ የሚያየው የተሳካውን ብቻ ነው። እርሱም ብዕሩን ተውሶ በቤቱ ሲሞክር ይበላሽበት ነበር፤ የእርሱንም ደብተር ከእኔው ጋር እያስተያየ ያዝን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ብዕሩን በሁለት እጁ ይዞ መጣና «ጋሼ፥ የእርስዎ እጅ አይስትም፤ የእኔ ግን ይስታል። እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም» ብሎ መለሰልኝ። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን እጅህ አይስትም መባሉ ጣፈጠኝና ዝም አልሁ። «ቈይ፥ አትቸኵል» ብቻ ብዬ አሰናበትሁት። ልጁም ወደ ሥዕል አልተመለሰም።

ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ያንን ደብተር ለእንግዳ ላሳይ ብገልጠው፥ ከሁሉ ይልቅ የምወድደው ሥዕል ወለቀና ከመሬት ወደቀ። አንሥቼ ብመለከት ምክንያቱ ገባኝ። የተሰፋ ጥራዝ አንዱ ወረቀት ለሁለት ታጥፎ ሁለት ቅጠል ይሆናል፤ ክሩም በመካከላቸው ያልፋል። አንደኛውን ቅጠል የቀደደ ሰው ጓደኛውን የሚይዘውን ያሳጣዋል። የወደቀው መልካም ሥዕል ጥንዱ እኔ የቀደድሁት የተበላሸ ሥዕል ነበረ። ደብተሩንም ገልጬ በስፌቱ ውስጥ የቀሩትን የወረቀት ጫፎች ብቈጥር ሠላሳ አንድ ሆኑ። መልካሞቹ ገጾች በክፉዎቹ ተይዘው ኖረው፥ እኔ ግን አላወቅሁም ነበር። በዚያ ጊዜ ትዝ ያለኝ ደብተሩ አይደለም፤ ልጁ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። «ስሕተትን ማረም የሠራተኛ ግዴታ አይደለምን? ቁም ጸሐፊስ በብራናው ላይ የሳተውን በካራ ፍቆ ያርም የለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይፍቃል። መፋቁም ግድ ነው፤ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው በተሳሳተው ቃል ይስታልና። ነገር ግን አፋፋቁን ልብ ብለን እንመልከት። የተፋቀው ስፍራ ሻክሮ ለሚያስተውል ሰው ይታያል። የተረሳ ቃል ሲኖር በመስመሩ መካከል ወይም በዳር ይጨመራል፤ ትርፍ ቃል ሲኖር ደግሞ በላይና በታች ምልክት የሚያደርግበትና ቃሉን ሳይፍቅ የሚተወው ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ጸሐፊ አንባቢውን ከስሕተቱ ይጠብቀዋል እንጂ አልሳትሁም ብሎ አያታልለውም። ገጹንም አይቀድድም።

ስለዚህ ስሕተት ሁለት ዐይነት ነው እላለሁ። አንደኛው ሌላውን ሰው የሚያስት ነው፤ ይህ ሳይውል ሳያድር ሊታረም ይገባል። ሁለተኛው ማንንም የማያስት፥ ሠሪውን ብቻ የሚያሳፍር ነው። ይህንን ለመሰወር የምንደክመው ለሰው አስበን አይደለም፤ ለክብራችን ነው እንጂ። ከሚማር ሰው ዐይን በተሰወረ ጊዜ ግን ይህ ሁለተኛው ተለውጦ እንደ መጀመሪያው የሚያስት ይሆናል፤ ተማሪው መንገዱ ጕድጓድ የሌለበት መስሎት፥ እርሱ በወደቀ ጊዜ ከመንገዱ የወጣ ይመስለዋልና። እኔ ያቃጠልሁት የበቅሎዪቱ እግር ማንንም አላሳተም ነበር፤ ያሳተው መቃጠሉ ነው።

ይህን ስል ሰው በስሕተቱ ይመካ ማለቴ አይደለም። ጕድለቱን በአደባባይ እየቈጠረ ትሑት ነው መባልን የሚሻም አለና፥ ያም ከመሰወር የማይሻል ሌላ ትዕቢት ነው። ማሳየት የሚገባ ለሚጠቅመው ሰው፥ በሚጠቅመው ጊዜ፥ በሚጠቅመው መጠን ነው። ሆኩሳይ የተባለው የጃፓን ሠዓሊ በ1760 ዓ.ም. ተወልዶ በ1849 ዓ.ም. የሞተ ነው። በ1834 ዓ.ም. የፉጂን ተራራ መቶ ገጽታዎች የያዘውን መጽሐፉን ማሳተም ሲጀምር፥ ሰባ ዓመት ሳይሞላው የሣለው ሁሉ ከቍጥር የሚገባ እንዳልሆነ፥ በሰባ ሦስት ዓመቱም የወፎችንና የእንስሳትን አካል በጥቂቱ መረዳት እንደ ጀመረ ጻፈ። በዚያ ጊዜ ስሙ ገንኖ ነበርና ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ይህን ቃል ያነበበ የሃያ ዓመት ወጣት ግን የራሱን ደብተር ሊቀድድ ሲል እጁን ይሰበስባል።

በዘመናችንም ጋብሪኤል ካምፓናርዮ የተባለ ጋዜጠኛ በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ሆኖ የጀመረው የከተማ ሠዓሊዎች ማኅበር በብዙ አገር ተስፋፍቷል። አባሎቹ በመንገድ ዳር ቆመው ወይም ተቀምጠው በዐይናቸው የሚያዩትን ይሥላሉ፤ ላዩት ነገር እውነተኞች ለመሆንም ቃል ይገባሉ። የታጠፈውን ብዕር ከሚወድዱት ብዙዎቹ ከነዚህ ወገን ናቸው። አላፊ አግዳሚው እያያቸው ስለሚሥሉ፥ መስመሩ ቢስት ሌላ መስመር በአጠገቡ ያሰምራሉ፤ ሁለቱም በወረቀቱ ላይ ይቀራሉ።

ደብተሩ ከፈረሰብኝ በኋላ ያንን ልጅ ፈልጌ ሄድሁ። አሁን ጐልማሳ ሆኖ በአጎቱ ሱቅ ይሠራል። የወለቀውን ቅጠል አሳየሁት፤ ሠላሳ አንድ ገጽ እንዳቃጠልሁም ነገርሁት። ቅጠሉን እያገላበጠ ብዙ ዝም አለ። ኋላም «ያን ጊዜ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ቃሉን ሳይፈጽም ገዢ መጣበትና ተነሣ። ብዕሩን ልተውለት ብለምነው «ለሚማርበት ይስጡት» አለኝ። ቍጣ አልነበረበትም፤ እኔ ግን ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደብተሬ ገጽ አልቀድድም። በቅሎዪቱ እግሯ እንደ ምሰሶ ወፍሮ ብትቀር ትቅር፤ ሽማግሌውም አፍንጫው ጨቅይቶ ይቀመጥ። ሊማር የሚመጣ ሰው ሲኖር አስቀድሜ የማሳየው እነርሱን ነው።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም አባት ወይም እናት፥ መምህር ወይም የሥራ አለቃ ትሆናለህ፤ ከሥርህ ሆኖ እጅህን የሚመለከት አንድ ሰው አይጠፋም። እርሱ አንድ ቀን የያዘውን መሣሪያ በሁለት እጁ ሊመልስልህ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የምትገልጥለት ገጽ እንዳታጣ ዛሬ አትቅደድ።