ወጥቶ አደር፣ ሠርቶ አደር

ዐማርኛ የሰውን ኑሮ በማደሩ ይሰይማል። የሚያርሰው አርሶ አደር፣ ከብት የሚያረባው አርብቶ አደር፣ በጉልበቱና በእጁ ጥበብ የሚኖረው ላብ አደር ወይም ሠርቶ አደር ይባላል። «ወታደር» የሚለውም ስም «ወጥቶ አደር» ከሚለው እንደ መጣ ሲነገር ኖሯል፤ ከቤቱ ወጥቶ በሜዳና በምሽግ የሚያድር ማለት ነው። ሌሎቹ ስሞች ሰውዬው በምን እንደሚያድር ሲናገሩ የወታደሩ ስም ግን መውጣቱን ብቻ ይናገራል። ስለ መመለሱ የሚለው ነገር የለም። ወጥቶ ያደረ ሰው ተመልሶ በምን ያድራል? ደግሞም «ማደር» መኖር ብቻ አይደለም፤ ለጌታ ማደር፣ ለቃል ማደር፣ ለሕሊና ማደር አለ። ስለዚህ ጥያቄው ሁለተኛ ክፍል አለው፤ የተመለሰው ሰው ለማን ያድራል?

ጥያቄው በኢትዮጵያ ደጋግሞ የተነሣ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. የተነሣበትን ያህል ግን በብዛትና በድንገት ተነሥቶ አያውቅም። ግንቦት 20 ቀን ደርግ ሲወድቅ ከአፍሪካ ታላላቅ ጦሮች አንዱ የነበረው ሠራዊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተነ። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ከ450,000 በላይ ሰዎችን ወደ ሲቪል ኑሮ የመመለስ ግዴታም ወደቀበት። ከእነዚህ መካከል በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሠፈር በጥድፊያ ሠልጥነው ወደ ግንባር ከዘመቱት ሚሊሺያዎች የተረፉ ነበሩ፤ በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የተመለመሉ፣ በወረቀት ላይ ሠላሳ ወር የነበረው አገልግሎታቸው ጦርነቱ እስኪያልቅ የተራዘመባቸው ወጣቶችም ነበሩ። የሠፈሩን ስም ልብ ይሏል። «ታጠቅ» የሚል ትእዛዝ የሰማ ትውልድ ነው። «ፍታ» ሲባል ግን ወገቡን ከዚያ ወዲያ በምን እንደሚያስር የነገረው አልነበረም።

ከገጠር የመጣው ዘር፣ የእርሻ መሣሪያና ለጥቂት ጊዜ የሚበቃ ቀለብ እየተሰጠው ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። የዚህ ሰው ጭንቅ ቀላል ነበር ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመለስበት ስም ነበረው፤ አርሶ አደር። ይበልጥ ግራ የተጋባው ከተማ የቀረው ነው። ናዝሬት፣ ዛሬ በጥንት ስሟ አዳማ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ለመቀበል የተፈጠረች ትመስላለች። የጅቡቲ ባቡር ያሳደጋት፣ የምሥራቁ አውራ ጎዳና የሚያልፍባት፣ አላፊ አግዳሚ የማይገርማት ከተማ ናት። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው መንገድም መቂን፣ ዝዋይን፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን እንደ መቁጠሪያ ይሰካካቸዋል። እነዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገድ ያፋፋቸው ናቸው፤ እንግዳን «የማን ልጅ ነህ?» ከማለታቸው በፊት «ምን ትሠራለህ?» ይላሉ። ለወጥቶ አደር ይህ ጥያቄ ምሕረትም ፈተናም ነበር።

በዘውዱ ዘመን መልሱ አጭር ነበር፤ ለወታደሩ ማደሪያ ይሰጠዋል። «ማደሪያ መሬት» የሚለው ስም ከዚያው «ማደር» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ገባር ነበረበት። በአርሲና በአካባቢው የነበረው የኦሮሞ ገበሬ የወታደሩን ማደሪያ በጫንቃው ተሸክሞ ኖሯል። የአገር ውለታ ከአገር ልጅ ተነጥቆ ተከፈለ ማለት ነው። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ይህን መልስ ከነበደሉ ዘጋው። ከአዳማ ብዙ የማይርቀው የቆቃ ግድብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍያ ያሳያል። በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። በወረራው ዘመን የፈሰሰው ደም ዋጋ መብራት ሆነ፤ ወደ ወንጂ አገዳ የሚወርደውንም የአዋሽን ውሃ አደላደለ። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ካሳው ለመንግሥት እንጂ ደሙን ላፈሰሰው ሰው አልተከፈለም፤ የጋራ ጥቅም ደግሞ ምንም ያህል ቢሰፋ የአንዱን ሰው የግል ጥያቄ አይመልስም።

ክብርስ? ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች በጀግንነት ተመለሱ፤ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን ገድላቸው የማይነሣ ወሬ ሆነ። ሜዳሊያውን የሚሰጠው እጅ ሲለወጥ የሜዳሊያው ትርጉም አብሮ ይለወጣል። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ወታደር ይህን መራራ ነገር ከማንም በላይ ቀመሰው፤ ትናንት የእናት አገር ልጅ የተባለው ዛሬ «የቀድሞ» ተባለ። «የቀድሞ» ከባድ ማዕረግ ነው፤ ሰውን በሆነው ሳይሆን መሆኑ በቀረው ነገር ይጠራዋል።

በዚያው ምድር ግን ለዚህ ጥያቄ የታሰበበት መልስ ከጥንት ነበረ። የገዳ ሥርዓት የሰውን ዕድሜ በደረጃ ይከፍላል፤ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ጦረኝነት በሕይወት መካከል የሚደረስበት ግዴታ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚጸና ስም አይደለም። ጦረኛው ጊዜውን ሲጨርስ ወደ ማስተዳደር፣ ከዚያም ወደ መምከር ያልፋል፤ በቦረናዎች ዘንድ ወደ መጨረሻው የደረሰው ገዳሞጂ ደም ማፍሰስ የተከለከለ፣ መራቂ ሽማግሌ ነው። መግቢያው እንደ ተሠራ መውጫውም ተሠርቷል፤ ሰውዬው ጦሩን ሲያስቀምጥ ወደ ምን እንደሚያልፍ ማኅበረሰቡ ሁሉ ያውቃል። ዘመናዊው ጦር መግቢያው ላይ መሐላ አለው፣ ሰልፍ አለው፣ ምረቃ አለው፤ መውጫው ላይ ያለው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱንም ያላገኙ ነበሩ።

ከወረቀቱ በኋላ የሚመጣው ነፃነት ነው፤ ነፃነቱም ያስፈራል። በጦር ሠፈር የሰውን ቀን የሚቆርሰው ሌላ ሰው ነው፤ የመነሻው፣ የምግቡ፣ የእንቅልፉ፣ የሞቱም ሰዓት ጭምር በትእዛዝ ይመጣል። ስንቅና ትጥቅ ከግምጃ ቤት ይወጣል፤ ዓላማም ከስንቁ ጋር ይታደላል። ወታደሩ ዓላማውን ሊያምንበትም ሊጠራጠረውም ይችላል፤ ፈልጎ እንዲያገኘው ግን አይጠየቅም። የሲቪሉ ዓለም እንዲህ ያለ ግምጃ ቤት የለውም። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ወደ ዘበኝነት ሄዱ። ዘበኝነት የሚናቅ እንጀራ አይደለም፤ የሰውን ንብረት የሚጠብቅ ሰው በከንቱ አያድርም። ይሁን እንጂ አገር ሊጠብቅ የወጣው ሰው ያንኑ ካፖርት ለብሶ በአንድ መጋዘን በር ላይ ሲቆም ሕይወቱ ጠበበ እንጂ አልተለወጠም። አሁንም የሚጠበቅበት መቆም ነው፤ የሚወስነው ሌላ ነው።

ንግድ ደግሞ የራሱ ግንብ ነበረው። አሮጌው ባህል ጦረኛንና አራሽን ሲያወድስ ነጋዴን በጥርጣሬ፣ ቀጥቃጭንና ሸማኔን በንቀት ሲያይ ኖሯል። ለመሞት ያላፈረ ሰው በጉልት ለመቀመጥ አፈረ። በብዙ ቤት የመጀመሪያዋ ነጋዴ ሚስት የሆነችው ለዚህ ነው፤ በመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ ቸረቸረች፣ በአርሲ ነገሌ አረቄ አወጣች፣ በናዝሬት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት አቀረበች። ባልየው መጀመሪያ ውሃ ቀዳ፣ ቀጥሎ ጆንያ ተሸከመ፣ ቆይቶ ሒሳብ ያዘ። ስለ ወታደሮች መቋቋም በሚነገረው ታሪክ ይህች ሴት ብዙ ጊዜ አትጠቀስም፤ ሰውዬው የተቋቋመው ግን በእሷ መደብ ላይ ነው።

ጦሩ ሙያ ላስተማረው መንገዱ ቀለል ይላል። መድፍ የሚጎትት መኪና ሞተር ፈትቶ የገጠመ እጅ፣ የጅቡቲን መንገድ የሚመላለሰውን ባለተሳቢ ለመጠገን አዲስ እጅ አያስፈልገውም። ሾፌሩ መሪ ያዘ፤ መካኒኩ ጋራዥ ገባ፣ ጥቂት ካጠራቀመም በኋላ በመንገድ ዳር የራሱን ጎሚስታ ወይም የብየዳ ቤት ከፈተ። እግረኛው ወታደር ግን ሙያዬ ብሎ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም፤ መታገሥ፣ በማለዳ መነሣት፣ ከማይመስሉት ጋር በአንድ ድንኳን ማደር ብቻ። እነዚህም ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ውትድርና የማያስተምራቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ መደራደርና መክሰር። ወታደር ዋጋ አይከራከርም። ምሽጉም ከተሰበረ ተሰበረ ነው፤ ሽንፈት ለእርሱ የመጨረሻ ቃል ነው። በዝዋይና በመቂ ዙሪያ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው በአንጻሩ መሬቱን ከባለመሬቱ በእኩል ይይዛል፣ የውሃ ሞተር ይከራያል፣ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ይወስዳል፤ ከዚያ የሁሉም ማሳ በአንድ ሰሞን ይደርስና ዋጋው ይወድቃል፣ ሽንኩርቱን ማስቆፈርና ማስጫን ከመሸጫው በላይ የሚያስወጣበትም ጊዜ አለ። ነጋዴው «ዘንድሮ አልቀናኝም» ብሎ ለከርሞ ያስባል። ወታደሩ ተሸነፍሁ ይላል። በመጀመሪያው ኪሳራ ሁሉን ጥሎ የሄደው የቀድሞ ወታደር ሰነፍ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ኪሳራን የሚያነብበት ፊደል ማንም አላስቆጠረውም።

ይሁንና ከገንዘቡም ከሙያውም አስቀድሞ የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። እርሱም ዋስ ነው። በአዳማ ገበያ እንደ ሌላው የአገሪቱ ገበያ ሁሉ የብዙው ነጋዴ ባንክ ዕቁብ ነው። ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ጠቅላላውን ይወስዳል። ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ያልከፈለውን ገንዘብ አስቀድሞ ይወስዳልና፣ ዳኛውና ጸሐፊው ገንዘቡን የሚሰጡት ዋስ ሲያቀርብ ነው። ዋስ ማለት «ይህ ሰው ቢጠፋ እኔ አለሁ» የሚል ሰው ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው ከዚህ ነውና። በምሽግ ውስጥ አጠገቡ ያለው ሰው ሕይወቱን ሳያመነታ የሰጠው ወታደር፣ ከተማ ገብቶ ለጥቂት መቶ ብር የሚዋሰው ሰው አጣ። ዘመድ የለውም፤ ጓዶቹ ተበትነዋል፤ ትውልድ መንደሩ ሩቅ ነው፤ የአካባቢውንም ቋንቋ አያውቅ ይሆናል። መንግሥት ብድር ሊሰጠው፣ ሥልጠና ሊያዘጋጅለት ይችላል፤ ዋስ ግን በአዋጅ አይሾምም።

ዋስ እንዴት ይገኛል? ብዙውን ጊዜ መንገዱ በዕድር በኩል ነው። ዕድር የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ መዋጮና በሐዘን ቀን መገኘት። ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማጓጓዝ፣ ቀብር መሸኘት ለወታደር የሚያዳግት ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። በማለዳ የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ከጦር ሠፈሩ ጡሩምባ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድምፅ ይጠራዋል። ልዩነቱ ይህኛው ጥሪ ሙታንን ለመቅበር እንጂ ሙታንን ለመጨመር አለመሆኑ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰዎች «ሃምሳ አለቃ ይምጣ»፣ «ሻምበል ይያዘው» ማለት ይጀምራሉ፤ የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ፣ ቆይቶም ገንዘቡ በእርሱ እጅ ይቀመጣል። ማዕረጉ በዚህ ሰዓት «የቀድሞ» መሆኑ ይቀራል። የሻምበልነቱ ስም ያልነበረውን ትርጉም ያገኛል፤ የሚታመን ሰው። ዋስ የሚሆነውም ጎረቤት ከዚያ አይጠፋም፤ አንዳንዴ የተቀደመው በመታጠቅ ይሁን በአደራ ግራ እስኪያጋባ ድረስ ሻምበሉ ራሱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ይቆማል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው ሸክሙ ሁሉ ከመንግሥት ወርዶ በጎረቤት ላይ ወደቀ ሊል ይችላል። ተቃውሞው ሚዛን አለው። በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዘማቾቿ ያወጣችው ሕግ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ኮሌጅ አስገብቷል፤ ለቤት መግዣና ለንግድ ብድርም ዋስ የሆነው መንግሥቱ ራሱ ነበር። ባለጸጋ አገር ዋስነትንም በሕግ መግዛት ይችላል። ድሃ አገር በዚያ መጠን ባይችል እንኳ ዕዳው አይሰረዝም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ በትእዛዝ የተሠራ በደልስ? ዋስ የሚሆነው ጎረቤት ያ ሰው በግንባር ያደረገውን አያውቅም። ለዚህ ፍርድ ቤት አለ፤ ፍርድ ቤት የማይደርስበትንም ሌሊት ሌሊት ሕሊና ይደርስበታል። ነገር ግን የተላከ ሁሉ ስለ ተላከበት ብቻ በጥርጣሬ ተዘግቶበት ቢኖር፣ ፍርዱ በላኪው ሳይሆን በተላከው ላይ ይወድቃል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ፈልገው አልሄዱም።

በሰሜኑ ጦርነት ማብቂያ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ ጥያቄው እንደ ገና ተነሥቷል። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ አወጣ። ቁጥሩ ከ1983ቱ እምብዛም አያንስም። በአንድ ነገር ግን ይለያል፤ የዛሬዎቹ በየፊናቸው የተሰለፉ፣ አንዳቸው በሌላው ላይ የተኮሱ ናቸው። ከእነርሱም መካከል ወደ መንደሩ የማይመለስ፣ መንገድ ይዞ ከሞጆ ወዲያ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የሚወርድ አይጠፋም። ጋራዥ ይገባ ይሆናል፤ በመቂ የሽንኩርት መሬት በእኩል ይይዝ ይሆናል። አንድ ቀን ዕቁብ ይገባና ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት ይወጣለታል፤ ዳኛውም መዝገቡን ገልጦ፣ ብዕሩን አንሥቶ «ዋስህ ማን ነው?» ይለዋል።