ስሙ ማን ነው?

በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ አንዲት የማኅበረሰብ ሬዲዮ ዘጋቢ ነበረች። ክረምቱ ሲገባ ከገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ማዳበሪያ ጎደለና መጋዘን ጠባቂው ታሰረ። ገበያው ስሙን ያነሣ ይጥል ጀመር። የጣቢያው አዘጋጅም ዘጋቢዋን ጠራት።

«ሌባው ከነስሙ ለማታው ዜና ይድረስ።»

«የተያዘው ተጠርጥሮ ነው፤ ገና ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽን እንኳ ሳይፈረድበት ጥፋተኛ አትበሉት ይላል።»

«እሱ ለዳኛ ነው። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶታል። ማን ያስረኛል ብለሽ ነው?»

«መታሰሩን አይደለም የፈራሁት፣ ጋሼ። ልጆቹ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።»

እውነትም ዜናውን የሰማ ሁሉ ማረሚያውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አዘጋጁ ጥቂት አሰበና «እንዳልሽ ጻፊው» አላት።

ማታ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደጎደለ፣ ምርመራው የት እንደደረሰ፣ ለገበሬው ምትኩ መቼ እንደሚመጣ ተነገረ። ስም አልተጠራም። ከተማው ተቆጣ። በተለይ አንድ እህል ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ «ስንት አጎረሷት?» እያለ ሲያማት ከረመ።

ወራት አልፈው ጠባቂው ጥፋተኛ ተባለ፤ ተፈረደበት። የዚያን ዕለት ማታ ዘጋቢዋ ስሙን ከነአባቱ በሬዲዮ ጠራች። ነጋዴው «አላልኳችሁም?» አለ።

በዓመቱ ነጋዴው ራሱ እህል ደብቀሃል ተብሎ ተያዘ። ሚስቱ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ጣቢያው ደረሰች።

«እባክሽ ልጄ፣ ስሙን አትጥሪብን።»

«ሳይፈረድባቸው አልጠራም።»

ሴትዮዋ እፎይ ብላ ከመቀነቷ ገንዘብ ትፈታ ጀመር። ዘጋቢዋ እጇን ያዘቻት።

«ይመልሱት፣ እትዬ። ከተፈረደባቸው ግን እጠራለሁ።»

«ታዲያ ምን ጠቀምሽን?»

«ማታ ፖሊስ የሚለው ይሰማል። እናንተ የምትሉትም አብሮ መሰማት አለበት። እህሉ ከየት መጣ?» አለችና መቅረጫውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች። «ድምፅዎን አልቀርጽም፤ ከተማው ያውቀዋል።»

ሴትዮዋ ገንዘቡን መልሳ ቋጠረች። ከዚያ ተቀመጠችና ከግዢ ደረሰኞቹ ጀምራ መናገር ያዘች።