በአንድ ፔኒ ስንት ፍርድ ይገዛል?

«ኪነት ገበያ ከወጣች ክብሯ አለቀ» የሚለው ክርክር ሳይነሣ የሚያልፍ ምሽት በመኝታ ክፍላችን የለም፡፡ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ በዚሁ ወገን ነበርኩ፡፡ አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ እስቲ አብረን እንየው፡፡

በ1599 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ለንደን ውስጥ ግሎብ ቴአትር ሲሠራ፣ ተመልካቹን በር ላይ የሚቀበለው ገንዘብ ሰብሳቢ ነበር፡፡ አንድ ፔኒ የከፈለ ቆሞ ያያል፤ የጨመረ ይቀመጣል፡፡ የአንድ ባለሙያ የቀን ገቢ ወደ 12 ፔኒ ነበርና አናጢውም ጫማ ሰፊውም ይገባል፡፡ ማስታወቂያው በየምሰሶው ይለጠፋል፤ ባንዲራ ይሰቀላል፤ መለከት ይነፋል፡፡ ሼክስፒርም ቢሆን መናኝ አልነበረም፤ ከቴአትር ቤቱ ከአሥር አንድ እጅ ድርሻ ነበረው፡፡

ታዲያ ገበያ ጻድቅ ነው ማለት ነው? የለም! የሮዝ ቴአትር ባለቤት የሄንስሎው የሒሳብ መዝገብ ዛሬም አለ፡፡ አዲስ ተውኔት 6 ፓውንድ ገደማ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ንብረቱ የቡድኑ እንጂ የደራሲው አይደለም፡፡ ደራሲው ቶማስ ዴከር በ1598 በዕዳ ታስሮ በ40 ሽልንግ ተለቀቀ፤ በ1612 ደግሞ እንደገና ገብቶ ሰባት ዓመት ያህል ማቀቀ፡፡ ሕዝቡ በቀልዱ ሲስቅ ከርሞ እሱ እስር ቤት!

ቤን ጆንሰን በ1614 ባሳየው ተውኔት መግቢያ ላይ ከተመልካች ጋር ውል ያስነብባል፤ ሁሉም በከፈለው ልክ ብቻ ይፍረድ፣ የስድስት ፔኒ ሰው የስድስት ፔኒ ያህል ይተች ይላል፡፡ ቀልድ ነው፤ ግን ይቆጠቁጣል፡፡ ፍርድ በኪስ ይለካል እንዴ?

በ1623 ደግሞ ሁለት ተዋናዮች፣ ሄሚንጅስና ኮንዴል፣ የሟች ጓደኛቸውን የሼክስፒርን ተውኔቶች ሰብስበው ሲያሳትሙ፣ በመቅድሙ አንባቢውን እንደፈለግህ ተች፣ መጀመሪያ ግን ግዛ አሉት፡፡ ዓይን አውጣነት ነው እንበል? ይሁን እንጂ «ማክቤት» ከዚያ በፊት ታትሞ አያውቅም፡፡ ያ ለሽያጭ የወጣ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ምኑን ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዋጋ መጠየቅ በራሱ ነውር አይመስለኝም፡፡ ነውሩ የደራሲውን ችግር ማትረፊያ ማድረግና ብዙ የከፈለ ብዙ ያውቃል ብሎ ማሰብ ነው፡፡ የዚህችን መጽሔት ዋጋ ስንቆርጥ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ኪሱ የሳሳው ጓዳችን ሊያነባት ይችላል ወይ? የጻፈውስ ድርሻውን ያገኛል ወይ? ለሁለቱም አዎን ማለት ከቻልን፣ ሣጥኑን በር ላይ ብናስቀምጥ የሚያሳፍረን ነገር የለም፡፡