ስምንተኛው ሺህ ደረሰ፦ አንድምታ ከድሬዳዋ

ንባብ፦ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ።»

ይህን ማን ተናገረው ቢሉ፣ ድሬዳዋ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ፤ ጎልማሳው በመገጣጠሚያ ሕመም እንደ አዛውንት ጎበጠ። በ2012 ጥር ሊገባ ሲል ከጅቡቲ የመጣ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስታወቱን ሸፍኖበት እዚህ ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በመጋቢት ኮሮና አገር ውስጥ ገባ፤ ሰኔ 14 ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ይህ ሁሉ ሲደራረብ ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ።

ስምንተኛው ሺህ ማለት ቁጥር ነው። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይቆጠራል፤ 1500 ቢጨምሩበት 7000 ይሞላል። በእግዚአብሔር ዘንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነው ብለው የሳምንቱን ዕለታት ሺህ ሺህ ዓመት ያደረጉ ሰዎች፣ ሰባቱ ሲያልቅ ዓለምም ታልቃለች አሉ። ታሪክ፦ አፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ ብለው ይጸልዩ ነበር ይባላል። እንዳሉትም በ1500 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጃቸው ልብነ ድንግል ነገሡ። ዓለም ግን አላለፈችም። ሞስኮ ላይም እንዲሁ ሆነ። በእነርሱ ሒሳብ 7000 በእኛ 1484 ዓ.ም. ሲሞላ የፋሲካው ሰንጠረዥ እዚያው ላይ ቆሞ ነበርና፣ ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለቀጣዮቹ ዓመታት አዲስ አዘጋጁ። የእኛ ባሕረ ሐሳብ በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር እየዞረ ስለሚሄድ ከዚህ ጣጣ ድኗል። እንግዲህ ዛሬ «ደረሰ» የሚል ሰው አምስት መቶ ዓመት ዘግይቷል ማለት ነው።

ዘግይቶስ ለምን አያፍርም ቢሉ፣ ቀኑ ያመለጠው ቆጣሪ ዘመኑን ያሰፋዋልና ነው። የአንድ ዓመት ቀጠሮ የነበረው የሺህ ዓመት ዘመን ሆነ። የአሜሪካዊው የዊልያም ሚለር ተከታዮች በ1837 ዓ.ም. ጥቅምት ክርስቶስ ይመጣል ብለው ጠብቀው ሳይሆን ሲቀር፣ ከፊሎቹ ቀኑስ ልክ ነው፣ የተፈጸመው ግን በሰማይ ነው ብለው ተረጎሙት።

አንድም፣ ስምንተኛው ሺህ ማለት መከራ ነው። ናዖድ ባረፉ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ድል ነሡ። አድባራት ተቃጠሉ፤ ያ የፈሩት ዘመን ይኸው መጣ ያለ ካህን ቢኖር አይፈረድበትም። ይህን ድሬዳዋ ተቀምጦ የሚተረጉም ሰው ግን አንድ ነገር መዝለል አይችልም። ያ ጦር የተነሣው ከጎረቤታችን ከሐረር ነው፤ ለሐረር ዓመቱ የድል ዓመት ነበር። ደብሩ የተቃጠለበት አለቀች ያላትን ዓለም ሐረር ገና ተጀመረች አለ። ቀን ቆራጭ «ዓለም» ሲል የራሱን ሰፈር ማለቱ ነው።

ድሬዳዋ ራሷ ለዚህ አብነት ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እታች ቆላው ላይ ደረሰ፤ ቦታው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከሐረር ወደ ባሕር በግመል ይጭን ለነበረው ነጋዴ ያ ባቡር ስምንተኛው ሺህ ነበር፤ ለድሬዳዋ ግን ልደቷ ነው።

አንድም፣ ስምንተኛው ሺህ ማለት ዋጋ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ፣ ልጅ ለአባቱ ሲመልስ ይባላል። ይህኛውን ትርጓሜ ማንም ያውቀዋልና ሐተታ አያሻውም።

አንድም፣ ስምንተኛው ሺህ ማለት ማንም ያልቆጠረው ሌሊት ነው። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከደጋው የወረደ ጎርፍ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። በ2000 ዓለም ታልፋለች ሲሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚያ ሌሊት የተነበየ አልነበረም። ደቻቱ ዳር ለተኛ ሰው 2000 ሳይገባ ምጽአቱ ደረሰች።

የመጋላ ሙስሊም ይህን ቀን ቆረጣ ምን ይለዋል ቢሉ፣ የቂያማን ሰዓት የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው ይላል። ቄሱም የዚያችን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቃት የለም ይላሉና፣ ቀን ቆራጭ በሁለቱም ደጅ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። ሆኖም ቆጠራው በእስልምናም ዘንድ ነበረ። ሕዝበ ሙስሊሙ ከ1000 ዓመተ ሒጅራ አያልፍም የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ የግብፁ ሊቅ ሱዩጢ ያልፋል፣ ግን 1500 አይሻገርም ብለው ጻፉ። ወሬውን ሲያፈርሱ ሌላ ቀን ቆረጡ። 1500ኛው የሒጅራ ዓመት በእኛ 2069 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ ያኔም ቆጣሪ አይጠፋም።