ድመት ያለ ቦታዋ ስትጸዳዳ በደሉ የማን ነው?

ድመት ኩሷንና ሽንቷን በላላ አፈር ውስጥ የምትቀብር እንስሳ ናት። ይህን የሚያስተምራት የለም። ግልገል ድመት ከተወለደች ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሞላት እናቷን ሳታይም አፈር መጫር ትጀምራለች። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤላውያን ከሰፈር ወጥተው እንዲጸዳዱ፣ ምሰውም እንዲከድኑ ታዘዋል። ለሰው በሕግ የመጣው ለድመት ከባሕርይዋ ጋር ተሰጥቷታል። ስለዚህ የቤት ድመት የተዘጋጀላትን ቦታ ትታ በምንጣፍ፣ በአልጋ ወይም በእህል ላይ ስትጸዳዳ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንዱ እንዴት ትመለስ የሚል ነው፤ ሌላው በደሉ የማን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው በትክክል ካልተመለሰ የመጀመሪያው መልስ አያገኝም።

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ደጋ አንሥቶ ወደ ተከዜ እስከሚያዘቀዝቀው ዝቋላ ድረስ፣ ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነው። ማሽላው፣ ጤፉና ገብሱ በጎታና በጆንያ ስለሚቀመጥ ያለ ድመት አይጠበቅም። በጭቃና በእበት የተለቀለቀ ወለል ደንዳና ነው፤ የድመት ጥፍር አይገባበትም። በቤቱ ዙሪያ ላላ ብሎ የሚገኘው የምድጃ አመድ፣ የጓሮ አፈርና የተሰጣ እህል ነው። በሩ ሌሊት ሲዘጋ ወይም ጓሮው ውሻ ሲኖርበት ድመቷ ወደ አመዱ ትሄዳለች። ጠዋት የተዳፈነውን ፍም ለማውጣት አመዱ ሲጫር የሌሊቱ ሥራ አብሮ ይወጣል። አመዱ ተጠርጎ ከተደፋ ደግሞ የሚቀራት ማሽላው ነው። ለሰው ማሽላው የዓመት ቀለብ ነው፤ ለድመት መዳፍ ግን የሚጫር ጥሬና የሚጫር ጠጠር አንድ ናቸው።

በሌላውም ዓለም አመድ የድመት የቆየ መጸዳጃ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ፣ አመድ የረገጠች ድመቷ ቤቱን በዱካ ለሞላችባት ጎረቤቱ እርጥበት የሚመጥ የሸክላ አፈር ጥሬ ሰጣት። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው የድመት አሸዋ ከዚያ የመጣ ነው። ዕቃው ቢለወጥም የድመቷ ፍላጎት አልተለወጠም፤ የሚጫር፣ ደረቅና ያልቆሸሸ ነገር ትፈልጋለች።

በአማርኛ ሳይታሰብ የሚደረግ ነገር «በደመ ነፍስ» ተደረገ ይባላል። አነጋገሩ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በውስጡ ይዟል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሊቃውንት ትምህርት የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስተውላለች፣ ትናገራለች፣ ሥጋ ሲሞትም አትሞትም። የእንስሳ ነፍስ ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 እንደተጻፈው በደሙ ናት። ኃጢአት አውቆና ፈቅዶ ከሕግ መውጣት ስለሆነ፣ ሕግ ያልተሰጠው ፍጡር ሕግ ተላለፈ አይባልም። «ተቈጥታ አልጋዬ ላይ ሸናችብኝ» የሚል ሰው ሳያውቀው ለድመቲቱ ለባዊት ነፍስ ይሰጣታል፤ ከሰጣት በኋላም ይፈርድባታል።

ይህን የሚቃወም የሚመስል ተረት አለ፤ «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል። ተረቱ ግን የሚተረተው በድመት ላይ ሳይሆን ቆብ ደፍቶ የቀድሞ ሥራውን ባልተወ ሰው ላይ ነው። ድመትማ አይጥ ስታይ ብትዘል የገባችው ቃል ኪዳን የለም።

የበረታው መቃወሚያ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ያለው ነው፤ ሰው ወግቶ የገደለ በሬ በድንጋይ ይወገራል። እንስሳም ይጠየቃል ማለት ይመስላል። ሕጉ ግን ወዲያው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። በሬው ተዋጊ መሆኑን የማያውቅ ባለቤት ንጹሕ ነው፤ ተነግሮት ያልጠበቀው ግን በራሱ ሕይወት ይጠየቃል። ሚዛኑ ያረፈው በማወቅ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠው እንኳ አይተርፍም።

በእስልምናም ፍርዱ በዚሁ በኩል ይሄዳል። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ አቡ ቀታዳ ለውዱእ፣ ማለትም ከስግደት በፊት ለሚታጠቡት መታጠብ፣ ከቀረበለት ውኃ ልትጠጣ ለመጣች ድመት ዕቃውን አዘንብሎላታል፤ ድመት ነጃሳ (ርኩስ) እንዳልሆነች ከነቢዩ መስማቱንም ተናግሯል። ሽንቷና ኩሷ ግን ነጃሳ ስለሆነ የነካው የመስገጃ ቦታ ይታጠባል። የረከሰው ቦታው እንጂ እንስሳዋ አይደለችም። በሌላ ሐዲስ ድመት ዘግታባት በረሃብ የገደለች ሴት ለገሃነም እንደተዳረገች ተነግሯል፤ በዚያም የተጠየቀችው ሴትዮዋ ናት።

በደሉ ከድመቷ ላይ ሲነሣ «ምን ነካት?» ብሎ መመርመር ይቻላል። መጀመሪያ የሚመረመረው ሕመም ነው። የቤት ድመት የዘር ሐረግ ከደረቅ አገር የአፍሪካ ዱር ድመት ይመዘዛል፤ ውኃ ጥቂት ትጠጣለች፣ ሽንቷም ወፍራምና የሚከረፋ ነው። ፊኛዋ ሲታመም ሕመሙን ከመጸዳጃው ጋር አያይዛ ቦታውን ትሸሻለች። እያማጠ ሽንት የማይወጣለት ወንድ ድመት በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ስለሚችል ዕለቱን ሐኪም ማየት አለበት።

ሕመም ከሌለ ቦታው ይታያል። ሳፋው ወይም ገንዳው በየቀኑ ካልተጠረገ፣ ከምግቧ አጠገብ ከሆነ፣ ሰው በሚበዛበት ወይም ውሻ በሚደርስበት ከተቀመጠ ትተወዋለች። ከአንድ በላይ ድመት ባለበት ቤት መጸዳጃው ከድመቶቹ ቍጥር በአንድ ቢበልጥ በመካከላቸው የሚነሣው ጠብ ይቀንሳል። ቆሞ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ወንድ ድመት ግን ወሰኑን እያመለከተ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ሲኮላሽ ነው። በገጠር ቤት የበረደና የተነፋ አመድ ወይም የወንዝ አሸዋ በአሮጌ ገበቴ አድርጎ ጸጥ ባለ ጥግ ማስቀመጥ፣ ምድጃውን በምጣድ መክደንና እህሉን መሸፈን ይበቃል። ሽታው የቀረበት ቦታ መልሶ ይጠራታልና የረጠበው የወለል ጭቃ ተፍቆ በአዲስ ይለቀለቃል። ኩሱን በየዕለቱ ማውጣት ለሰውም ይጠቅማል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በሽታ ለማስያዝ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ሥራውን ለሌላ ብትተው ይሻላል።

መምታትና አፍንጫዋን በሽንቷ ማሸት ግን ምንም አይፈታም። ድመቷ ቅጣቱን ከሥራዋ ጋር አታያይዝም፤ ከቀጪው ጋር ታያይዘዋለች፤ ከዚያ በኋላ ተደብቃ ትጸዳዳለች። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ጻድቅን ሰው ለእንስሳው በሚያደርገው ይለየዋል። በአማርኛው የተጻፈው ግስ መራራት ነው፤ በዕብራይስጡ የቆመው ግን ማወቅ የሚለው ግስ ነው። አመድ የምትፈልግበትን ምክንያት ላወቀ ሰው ሁለቱ ግሶች አንድ ሥራ ያሠሩታል።