አዲስ ሕንፃ ጓንት ያጠለቀበት ቀን

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. የአስተርዮ ማርያም ዕለት ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ ከተማ በሚገኘው ሮያል ባፎኬንግ ስታዲየም ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት የዋልያዎቹ አማካይ አዲስ ሕንፃ የበረኛ ጓንት አጥልቆ ግቡ መካከል ቆመ። በረኛው ሲሳይ ባንጫ የናይጄሪያውን ቪክተር ሞሰስን ጥሎ ሁለተኛ ቢጫ በማየቱ ወጥቷል። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሦስቱንም ቅያሪ ጨርሰዋል። ኳሷ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቧ ላይ ተቀምጣለች። ከአሥር ደቂቃ በፊት የመጀመሪያውን ፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ሞሰስ ሁለተኛውንም አገባ። ናይጄሪያ 2፣ ኢትዮጵያ 0። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ቡድን በአንድ ነጥብ ተሰናበተ።

ያንን ምሽት የምናስታውሰው በዳኛውና በዕድላችን ነው። እውነት ነው፣ ዕድልም አልረዳንም። ግን የዋልያዎቹ ተስፋ የተሰበረው በሞሰስ ምት አይመስለኝም። ከአራት ቀን በፊት፣ ጥር 17 ቀን፣ ኔልስፕሩት ላይ ነው የተሰበረው። ዛሬ በደብረ ታቦርም ሆነ በወረታ፣ በንፋስ መውጫም ሆነ በአዲስ ዘመን ቡድን ይዞ የውድድር ዓመት ለሚጀምር አሰልጣኝ ደግሜ ልነግረው የምፈልገው የዚያን ቀን ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የነበረውን ደስታ ማስታወስ ይገባል። ቡድኑ በማጣሪያው ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመለሰ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አስቆጥረው 2 ለ 0 አሸነፈና ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦች አለፈ። ጥር 13 ቀን ደግሞ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። በዚያችው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1954፣ ከ51 ዓመት በፊት በሉቻኖ ቫሳሎ የሚመራው የኢትዮጵያ ቡድን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አንስቶ ነበር። የ2005ቱ ቡድን በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ስቶበት፣ በኮሊንስ ምቤሱማ ግብ ተመርቶም በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገው። በ10 ሰው ከሻምፒዮኑ ጋር 1 ለ 1። ያን ቀን በየከተማው የነበረው ጩኸት ዛሬም ጆሮ ውስጥ አለ።

ጥር 17 ከቡርኪና ፋሶ ጋር በተደረገው ጨዋታ ግን አዳነ በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ወጣ። አዳነ አጥቂ ብቻ አልነበረም። በቅዱስ ጊዮርጊስም በብሔራዊ ቡድኑም አጥቂ ሲያስፈልግ አጥቂ፣ አማካይ ሲጎድል አማካይ፣ ኋላ ሲላላ ተከላካይ ሆኖ ይሰለፍ የነበረ ልጅ ነው። አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ተጫዋች ሲያገኝ ይወደዋል፤ መውደዱም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ሦስት ቦታ የሚሸፍንልህ ከሆነ እሱ በተጎዳ ቀን የጎደለብህ አንድ ሰው አይደለም። ቡድኑ ዕረፍት የወጣው በአላን ትራኦሬ ግብ 1 ለ 0 ተመርቶ ነው። ከዕረፍት በኋላ የቡርኪና በረኛ አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ። አሁን 10 ሰው የሆኑት እነሱ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። እንግዲህ ጨዋታው ይዞራል ብለን ስንጠብቅ ሦስት ተጨማሪ ግብ ገባብን። 4 ለ 0።

ይህን ውጤት በወኔ ማነስ ማስረዳት ግፍ ነው። ልጆቹ ከዛምቢያ ጋር በ10 ሰው አንድ ሰዓት ያህል ሮጠው፣ በአራተኛው ቀን እዚያው አሸዋው በወጣ የኔልስፕሩት ሜዳ ላይ ተመልሰው ነው የገቡት። አቻ ፍለጋ ወደ ፊት ሲሄዱ ጀርባቸው ተከፈተ፤ የደከመ እግር ደግሞ ተመልሶ አይደርስም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ውድድር የተጎዳው የእኛ ቡድን ብቻ አልነበረም፤ የሌሎቹ መንገድ ግን ሌላ ሆነ።

ቡርኪናን እንመልከት። ከእኛ ጋር ሲጫወቱ በረኛቸውን አጡ። ተቀይሮ የገባው ዳውዳ ዲያኪቴ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሦስት ግብ ያስቆጠረላቸው አላን ትራኦሬ ገና ጨዋታው ሲጀመር የጭን ጡንቻው ተጎድቶ ወጣ፤ ውድድሩም በዚያው አበቃለት። በረኛና ዋና አጥቂ ያጣ ቡድን በእኛ አገር ልማድ ቢሆን «አለቀልን» ይባልለት ነበር። እነሱ ግን ያን ጨዋታ 0 ለ 0 ጨርሰው ምድቡን አንደኛ ሆነው አለፉ፤ ቶጎን በተጨማሪ ሰዓት በጆናታን ፒትሮይፓ ግብ አሸነፉ፤ ጋናን በግማሽ ፍጻሜ በመለያ ምት ጣሉ። የመጨረሻዋን የጋና ምት ያዳነው ያ ሁለተኛ በረኛ ዲያኪቴ ነው።

ናይጄሪያም እንዲሁ። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አራት ግብ አስቆጥሮ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኖ ሳለ ከማሊ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ የቋንጃ ጡንቻው ተጎድቶ ለፍጻሜው ሳይደርስ ቀረ። የካቲት 3 ቀን ዋንጫውን ያስገኘችውን ብቸኛ ግብ ያስቆጠረው ሰንዴይ ምባ ነው። ምባ በአውሮፓ ሊጎች የሚጫወት ስመ ጥር አልነበረም፤ አሰልጣኝ ስቴፈን ኬሺ ብዙ ሰው እያጉረመረመባቸው ከአገር ውስጥ ሊግ መርጠው ከወሰዷቸው ልጆች አንዱ ነው። ኬሺ ለምባ ቦታ የሰጡት ኢሜኒኬ ከተጎዳ በኋላ አልነበረም። በሩብ ፍጻሜው ኮትዲቯርን የጣለችው ግብም የምባ ናት። ዋናው አጥቂ ሲወድቅ ምባ አስቀድሞ የቆመ ተጫዋች ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጉዳት በሁሉም ቡድን ላይ ይደርሳል። ተተኪው ልጅ ወደ ሜዳ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚገባው ወይስ ከዚያ በፊት ኃላፊነት ተሰጥቶት ያውቃል? የቡድን ዓመት የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ጉዳት እንደ ድንገተኛ መዓት መታየቱም መቅረት አለበት። ስዊድናዊው ሐኪም ያን ኤክስትራንድና ባልደረቦቹ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ባገኙት መሠረት 25 ተጫዋች ያለው ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 50 ያህል ጉዳት ይጠብቀዋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ገደማ የጡንቻ ጉዳት ነው። ግማሽ ያህሉ ከአንድ ሳምንት በታች ያስቀራል። በጨዋታ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በልምምድ ላይ ከሚደርሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እነዚህ ክለቦች ሐኪም፣ የተስተካከለ ሣርና የምግብ ባለሙያ ያላቸው ናቸው። ያ ሁሉ ያላቸው 50 ከጠበቁ፣ ምንም የሌለን እኛ «ዘንድሮ ጉዳት በዛብን» እያልን ስንደነቅ መኖራችን ልክ አይደለም። በዘጠኝ አገሮች የሚገኙ 24 ክለቦችን 11 ዓመት የተከታተለው ሌላው የእነሱ ጥናት ደግሞ ተጫዋቾቹ ጤነኛ ሆነው የቆዩለት ክለብ በደረጃ ሰንጠረዡም የተሻለ ቦታ እንደሚይዝ አሳይቷል። አሰልጣኝ ይህን ከልምድ ያውቀዋል፤ የበጀት ኃላፊዎች ግን ቁጥር ካላዩ አያምኑም።

በየዲኤስቲቪ ቤቱ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት የሊቨርፑል ታሪክም አለ። ተከላካዩ ቫን ዳይክ በጥቅምት 2013 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ለዓመቱ ወጣ፤ ጎሜዝ ተከተለ፤ ማቲፕም ጨመረ። አሰልጣኙ አማካዮቹን ፋቢንሆንና ሄንደርሰንን ወደ ኋላ አወረዱ። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም፤ መሀሉም ላላ፤ ቡድኑ በሜዳው ስድስት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። ፋቢንሆ ወደ አማካይ ቦታው ተመልሶ ኋላውን እምብዛም የማይታወቁት ናት ፊሊፕስና ሪስ ዊልያምስ ሲይዙት ግን የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች ሁሉ አሸንፎ ሦስተኛ ሆነ። ሁለቱ ወጣቶች ከፋቢንሆ ይበልጣሉ ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ በየቦታው ሲመለስ ቡድኑ እንደገና ቡድን ሆነ ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ በብዛት የሚሠራው ስህተት ይኸኛው ነው። የመሀል ተከላካይ ሲጎዳ ጎበዙ አማካይ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ አጥቂው መሀል ይገባል፤ በመጨረሻ ሦስት ቦታ ይናጋል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጃኬት ለብሶ የተቀመጠ እውነተኛ ተከላካይ አለ። «ልምድ የለውም» ይባላል። ልምዱን ከየት ያምጣው? ቡድኑ 3 ለ 0 ሲመራ እንኳ ያልገባ ልጅ በወሳኙ ጨዋታ ገብቶ እግሩ ቢንቀጠቀጥ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የደቡብ ጎንደር ደጋ የራሱ ፈተና አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጉና የሚወርደው የጠዋት ብርድ ጡንቻን ያደርቃል። በክረምት ሜዳው ጭቃ ነው። በጋ ሲመጣ ያ ጭቃ የከብት ኮቴ እንደታተመበት ይደርቅና ቁርጭምጭሚት የሚያጣምም ይሆናል። ከፎገራ ሜዳ የመጣ ቡድን በከፍታው ሲያለከልክ የደጋው ልጅ በኩራት ይስቃል፤ እሱ ግን በብርድ ሳያሟሙቅ ሮጦ ቋንጃውን ሲይዘው ሳቁ ያበቃል። መንገዱም አለ። ወደ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በጠባብ ወንበር ታጥፎ ተጉዞ፣ ከመኪና እንደወረደ ወደ ሜዳ የሚገባ ቡድን እግሩ ገና አልተፍታታም።

ለዚህ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት አለ። ፊፋ ያዘጋጀው «11+» የሚባለው የማሟሟቂያ ሥርዓት 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከኳስና ከሜዳ በቀር ዕቃ አይፈልግም፤ ኖርዌይ ውስጥ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ሲሞከር ጉዳትን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ለቋንጃ ጡንቻ ደግሞ አንዱ ልጅ ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት የሚወድቅበት እንቅስቃሴ አለ። በትክክልና ሳያቋርጡ ሲሠሩት የቋንጃ ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሁለት ልጅና አንድ ምንጣፍ ይበቃል። እኛ ጋ ግን ማሟሟቅ ማለት ዳኛው እስኪመጣ ሜዳውን ሁለቴ መዞር ሆኖ ቀርቷል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ ወጌሻ ማለት የምፈልገው አለ። የአካባቢያችን ወጌሻዎች የወለቀ መገጣጠሚያ መልሰው፣ ስብራት ጠግነው ትውልድ አቁመዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። ዛሬም ሆስፒታል የራቀው የገጠር ተጫዋች መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው። የጉልበት ጅማት መበጠስን ግን በመታሸት ማወቅም ማዳንም አይቻልም። ጉልበቱ ሲጠማዘዝ «ቷ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ከሰዓታት በኋላ ያበጠበት ልጅ መታሸት የለበትም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በየሳምንቱ እየታሸ ሲመለስ፣ እየተመለሰ ሲጎዳ 19 ዓመቱ ላይ ኳስ ያቆመ ልጅ በየቀበሌው አለ።

ልጆቹም ጉዳታቸውን ይደብቃሉ። ቦታዬን ሌላ ይወስደዋል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃቱን ደግሞ እኛ ነን ያስተማርናቸው። ከጉዳት ሳያገግም የገባ ተጫዋች ዳግም ሲጎዳ ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም ጊዜ እንደሚቀር የኤክስትራንድ መዝገብ ያሳያል። ስለዚህ «ትችላለህ ወይ?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ለአሰልጣኝ አይበቃውም። የትኛው ልጅ ነው «አልችልም» የሚለው? በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ፣ በተጎዳው እግሩ ብቻ ሲዘልና ሲያርፍ፣ ድንገት ሲታጠፍ ማየት ያስፈልጋል። ውሳኔውም ከጨዋታው ዋዜማ በፊት፣ ስሜት ሳይሞቅ መሰጠት አለበት።

የውድድር ዓመት ሊጀምር የተዘጋጀ አሰልጣኝ ዛሬ ማታ ተቀምጦ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። በደብተር ላይ 11ዱን ቦታ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ የሁለተኛውን ልጅ ስም ያስፍር፤ ከስሙ ጎን ያ ልጅ ባለፈው ዓመት በዚያው ቦታ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ይመዝግብ። ዜሮ የተጻፈበት ቦታ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ጨዋታዎች መሞላት አለበት፤ አንድ ሁለት ነጥብ ቢያስጥልም እንኳ። ደጋፊው ያጉረመርማል። ኬሺ ላይም ተጉረምርሞባቸው ነበር።