የሚታየው ሣጥንና የማይታየው ብረት

ሰው በገዛ እጁ የሚሠራው ዕቃ ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው ለዐይን የተሰጠ ሲሆን ሁለተኛው ከዐይን የተሰወረ ነው። የሥነ ምግባር ጥያቄ በብርቱ የሚነሣው በሁለተኛው ላይ ነው። ማንም የማያየውን ነገር አጥብቆ መሥራት ግዴታ ነው ወይስ ከንቱ ድካም? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ይሁንና በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ ሰባት፣ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ በብረት መጋዝና በአናጢ ሜትር መካከል ሊገኝ ይችላል።

በዚያ ሠፈር ለጊታሩ የሚሆን የቫልቭ አምፕሊፋየር ለመሥራት የተነሣ አንድ ወጣት አለ እንበል። ከትራንዚስተር በፊት የነገሡትን የመስታወት ቫልቮች፣ ትራንስፎርመሮቹንና ስፒከሩን እንደምንም አሰባስቧል። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ዕቃዎቹ የሚታሰሩበት የብረት ሻንሲ እና ሁሉን የሚያቅፈው የእንጨት ሣጥን። ኪሱ ግን ለሁለቱ እኩል አይበቃም። እንግዲህ ከየትኛው ይቀንስ?

ስለ ሻንሲው ቢጠይቅ ሁለት መንገድ ያገኛል። አሉሚኒየም በእጅ መሣሪያ በቀላሉ ይቆረጣል፣ ይበሳል፤ እንደ ብረትም አይዝግም። ነገር ግን ለስላሳ በመሆኑ ከባድ ትራንስፎርመር ሲጫንበት ይጎብጣል። የብረት ላሜራ ክብደቱን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለመሥራት አስቸጋሪ ነው፣ የባሕሩ ጨዋማ አየርም ቀለም ያልተቀባውን ፈጥኖ ይበላዋል። በለንደን ከተማ ጂም ማርሻል በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ አምፕሊፋየሮች የአሉሚኒየም ሻንሲ ነበራቸው፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፋብሪካው ወደ ብረት ተዛወረ። ትልቁም ሠሪ ቢሆን በአንድ ምርጫ ሁሉን አላገኘም።

የሻንሲው ዋና ቁም ነገር ግን ጥንካሬው ብቻ አይደለም። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት በቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል፤ መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም በኮንደንሰሮቹ ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። የጊታሩ ክሮች ደግሞ በገመዱ አማካይነት ከሻንሲው ጋር የተያያዙ ናቸው። አንድ የላላ ሽቦ ሻንሲውን ቢነካ፣ ሻንሲውም ከመሬት መስመር ጋር በጥብቅ ብሎን ካልታሰረ፣ ኤሌክትሪኩ የሚጠብቀው የተጫዋቹን ጣት ነው። የመሬት መስመሩ በደንብ ከታሰረ ግን ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሰውየው ይተርፋል። ሌስሊ ሃርቪ የተባለው ስኮትላንዳዊ ጊታሪስት በግንቦት 1972 (እ.ኤ.አ.) በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ጊታሩን እንደያዘ የመሬት መስመር ያልነበረውን ማይክሮፎን ነክቶ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍ በገዛ ቤቱ ጊታር ሲጫወት በኤሌክትሪክ ሕይወቱ አለፈ። በአንዲት ሽቦና በአንድ ብሎን ልክ የሰው ነፍስ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሻንሲው እውነት ነው፣ ሣጥኑ ከንቱ ጌጥ» ብሎ መደምደም ይቀላል። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የሚለው ብሂልም ወደዚያ ይገፋፋል። ነገር ግን ፍርዱ የተቻኮለ ይሆናል። በገናን የሚያውቅ ሰው የእንጨት ገበታውና የበሬ ቆዳው የድምፁ አካል መሆናቸውን አይስተውም። የአምፕሊፋየር ሣጥንም እንዲሁ ነው። ጀርባው ክፍት ሲሆን ድምፁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሰራጫል፤ ሲዘጋ ወፍራሙ ድምፅ ይጠብቃል። ስስና ቀላል ጣውላ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይርገበገባል፤ ባለ ብዙ ንብርብር ኮምፔንሳቶ ጸንቶ ይቆማል፤ ቺፑድ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ብሎንም አይዝ። በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚግል ከተማ ለቫልቮቹ መተንፈሻ ያልተተወለት ሣጥን ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ ሣጥኑ ራሱ ከዐይን የተሰወረ ሥራ አለው፤ በላዩ ላይ ያለው ጨርቅ፣ ቆዳና የሚያብረቀርቅ ጌጥ ብቻ ነው ለዐይን የተተወው።

እንግዲህ ክፍፍሉ በብረትና በእንጨት መካከል ሳይሆን በሦስት ግዴታዎች መካከል ነው፤ መጀመሪያ ሕይወት፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ በመጨረሻም መልክ። ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ቅነሳው ከመጨረሻው ይጀምራል። ወጣቱ የወደብ ከተማ ልጅ ነውና ከተጣለ የጭነት ፓሌት ጣውላ አውጥቶ፣ ልጎ፣ ሳይቀባ ቢተወው ማንንም አላታለለም። በሚያምር ሣጥን ውስጥ የላላ የመሬት ሽቦ ቢተው ግን ሣጥኑ ራሱ ውሸት ይሆናል፤ ውበቱ «እመነኝ» ይላልና።

እዚህ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ዕቃውን የሚሠራው ለራሱ ነው፤ በራሱ አደጋ ላይ ማን ያዝዘዋል? መልሱ በሠፈሩ አኗኗር ውስጥ ይገኛል። በካርቲየ ሰባት በር ላይ የተቀመጠ ዕቃ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቆይም። ለሠርግ ይዋሳሉ፣ የጎረቤት ልጅ ይነካካዋል፣ ችግር ሲመጣ ይሸጣል። የገዛው ሰው ሻንሲውን ገልብጦ አያይም፤ ቢያይም አያውቀውም። ሠሪው በሌለበት ስለ ሠሪው የሚመሰክረው ያ የማይታየው ብሎን ነው።

ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጅቡቲ ከምትጠቀምበት የኤሌክትሪክ ኃይል ብዙው ከኢትዮጵያ በመስመር ተዘርግቶ የሚመጣ ነው። ሶኬቱን የሚሰካው ሰው በመንገዱ ሁሉ ምሰሶ የተከሉትን፣ ሽቦ የወጠሩትን ሰዎች አያውቅም፤ እነርሱም አያውቁትም። ቢሆንም በየቀኑ ነፍሱን ለጥንቃቄያቸው አደራ ይሰጣል። ከማይታወቁ እጆች ያንን ያህል አደራ የተቀበለ ሰው፣ ተራው ደርሶ ብሎኑን ሲያጠብቅ፣ ማንም ባያየውም አንድ ዙር ቢጨምር ብድሩን መለሰ እንጂ ትርፍ አልሠራም።